የሕመምተኛ ዲግሪ

ሰው ሲለካ ሆዱን ይውጣል። ፕሮፌሰር ሁን፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ሁን፣ ሜትሩ ወገብህ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ስበህ ቀጥ ትላለህ። እኔ ደግሞ የዋጥከውን በዓይኔ ገምቼ እጨምርበትና እቆርጣለሁ። ኋላ መጥተው፣ "እጅህ ይባረክ፣ ምንም አልጠበበኝም" ይሉኛል። ምን ይጥበባችሁ፤ ውሸታችሁን ደምሬ ነው የሰፋሁት።

ሱቃችን ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው፤ በስተግራ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ በስተቀኝ ሻይ ቤት። የምንሰፋው የምረቃ ጋዋን ነው። ለተማሪው ብዙ አንጨነቅም፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብለን ሰቅለን እናከራያለን፣ ለአንድ ቀን ፎቶ ነውና ማንም አያማርርም። መምህራኑ ግን በልካቸው ያሰፋሉ፤ ክብር ይወዳሉ። እኔ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ ሸሪኬ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ይሰፋል። እሱን "ዚፕ" እንለዋለን፣ አፉ ተዘግቶ ስለማያውቅ።

ነገሩ የጀመረው ዲኑን ስለካ ነው። ዲኑ ረጅም ሰው ናቸው፣ አንዱ ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ይላል፣ እኔም ይህንን በጥጥ እደብቅላቸዋለሁ። እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ቆመዋል። እኔ ስፒል በጥርሴ ነክሼ የእጅጌውን ጠርዝ አጥፋለሁ።

"ልጅዎ እንዴት ናት?" አሉኝ።

ልጄ እሳቸው ጋ የሂሳብ ተማሪ ናት። ሌላ ልጅ የለንም። መጨረሻው ዓመት ላይ፣ የመመረቂያው ፈተና ደረሰ ስንል ታመመች። የደም ካንሰር ነው። ሚስቴ "ያ ነገር" ነው የምትለው፤ እኔ ግን በስሙ እጠራዋለሁ፣ ስሙን ስለደበቁለት የሸሸ በሽታ አላየሁም። ጓደኞቿ ሲፈተኑ እሷ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አሁን መድኃኒቱን ጨርሳ ቤት ገብታለች። ፀጉሯ የለም። ክንዷን በሁለት ጣቴ ብይዘው ጣቶቼ ይገናኛሉ። ዶክተሩን "አሁንስ?" ብለው "እንጠብቅ" አለኝ። እኔም ደንበኛ ልብሱ ሳይደርስ ሲመጣብኝ የምለው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ አላመንኩትም።

"ደህና ናት፣ ተመስገን" አልኳቸው በስፒሉ መሃል።

"አንድ መንገድ አለ" አሉ ዲኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ብዙ ሰው አያውቀውም። ኢግሮታት ይባላል።"

"ምን ይባላል?"

"ኢግሮታት። ተማሪው በሕመም ምክንያት የመጨረሻውን ፈተና ሳይቀመጥ ሲቀር፣ መምህራኑ 'ቢፈተን ኖሮ ያልፍ ነበር' ብለው ከመሰከሩለት፣ ሴኔቱ ዲግሪውን ይሰጠዋል። ማዕረግ የለውም፣ አንደኛ ሁለተኛ አይባልም። ዲግሪ ግን ዲግሪ ነው። የእሷ መምህራን ደግሞ አንድም የማይመሰክር የለም።"

ስፒሉን ከአፌ አወጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር በስፒል አይሰማም።

"እዚህ ከመጣሁ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ሲሰጥ ያየሁት" አሉ።

"ለነማን?"

"ቆየ እኮ" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። "እሷ ብቻ እፈልጋለሁ ብላ ትጠይቅ። የቀረውን ለእኔ ይተዉት።"

ዲኑ ሲወጡ እግሬ መሬት አልነካም። የቃሉ ነገር አሳስቦኝ በጠመኔ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፍኩት፣ እስከ ቤት ድረስም በአፌ እየደጋገምኩት ሄድኩ። መንገድ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤት ጸሎት የያዝኩ መስሏት አንገቷን ዝቅ አድርጋ አለፈችኝ።

ሚስቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ከምራ ስታርም ደረስኩ። ልጃችን ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ዲኑ ያሉኝን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሚስቴ ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዘች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ስትገልጠው ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። የደስታ ነው። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ። ልጃችን ግን ጨርቁን ተቀብላኝ ጠመኔውን አነበበችና ስልኳን አነሣች።

ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ እንዲህ ናት። ከረሜላ ብትሰጣት መጀመሪያ ወረቀቱን ታነባለች።

"ከላቲን የመጣ ነው" አለች ቆይታ። "'ታሟል' ማለት ነው፣ ለሴትም ያው ነው፣ 'ታማለች'። ድሮ ተማሪ ከትምህርት ሲቀር ከሐኪም የሚያመጣው ማስረጃ ኢግሮታት ይባል ነበር። በኋላ ዲግሪውንም በዚያው ጠሩት። 'ኢግሮታት ወሰደች' ነው የሚባለው አሉ። አብዛኛው እንግሊዝ ራሱ ቃሉን አያውቀውም።"

"እኛ አወቅነው፣ ይበቃል" አለች እናቷ። "ነገ ሄደሽ ጠይቂ።"

"አንዴ ከወሰድኩት ደግሞ መፈተን አልችልም እማዬ። በቃ ተዘጋ ማለት ነው።"

"ይዘጋ። ፈተና የናፈቀው ማን ነው?"

"እኔ።"

እናቷ ሳቀች፣ ቀልድ መስሏት። ልጄ አልሳቀችም። "ላስብበት" አለችና ስልኳን አስቀመጠች። እኛም አልጫንናትም። እውነቱን ልናገርና፣ ከታመመች ወዲህ በምንም ነገር አልጫንናትም። ሾርባው ቀዘቀዘብኝ ካለች እናቷ ትሮጣለች፣ መስኮቱን ዝጉልኝ ካለች እኔ እሮጣለሁ። ቤታችን ውስጥ በእግር ጣታችን ነበር የምንሄደው።

ቃሉን ከሁሉ አብልጦ የወደደው ዚፕ ነው። በማግስቱ አርፍዶ መጣና "ምን ሆነህ ነው?" ብለው፣ "ዛሬ ኢግሮታት ነኝ" አለኝ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ከማንቆርቆሪያው ሥር የቀረውን ሻይ ገልብጣ በነፃ ስትሰጠው፣ "ኢግሮታት ጠጣሁ" ይላል። አውቶቡስ ላይ አንዲት ኮረዳ ሽበቱን አይታ ስትነሣለት፣ "በኢግሮታት ተቀምጬ መጣሁ" ብሎ ሲያማርር ዋለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ለመደው፣ ሻይ ቤቱም ለመደው፤ በኛ መንገድ ላይ ታዝኖለት የተሰጠው ነገር ሁሉ ኢግሮታት ሆነ። ቤት ሊጠይቃት መጥቶ ልጄ ፊት ሲለው በዓይኔ ስቆጣው አየችኝና፣ "ተወው አባዬ፣ አጠቃቀሙ ከዲኑም በላይ ገብቶታል" አለች። እኔ በጊዜው ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

እሷ እያሰበች ሳለ እኔ ቀሚስ ጀመርኩላት። ጋዋን ማንም ይለብሳል፤ ከጋዋኑ ሥር የሚለበሰውን ግን ለልጄ ሌላ ሰው አይሰፋውም። በእኛ ሙያ ለራስ ሰው የምረቃ ልብስ የሚቆረጠው የተመራቂዎቹ ስም ከወጣ በኋላ ነው፣ ቀድሞ መቁረጥ ደግ አይደለም ይባላል። ይባል። ለዓመታት ለባለጸጋ ሚስት እንኳ ያላወጣሁት ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ነበረኝ፤ አወጣሁት። ልኳን አልጠየቅኳትም። በየቀኑ የማየውን ሰው ልክ ምን እጠይቃለሁ? ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች በዓይኔ ለካኋት፣ ቆረጥኩ፣ ለዚፕም አላስነካሁትም፣ ራሴ ሰፋሁት። በመስቀያ ሰቅዬ ራቅ ብዬ ሳየው ራሴን አደነቅሁ። ሥራውስ ሥራ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ደንበኛ ጭር ሲል፣ ልጄ ሱቅ መጣች። ከቤት እስከ ሱቅ በእግሯ ስትመጣ ከሕመሟ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። ቀሚሱን አየችው።

"የኔ ነው?"

"የማን ይሁን ታዲያ?"

ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለብሳው ወጣች። እንደ ቆዳዋ ገባላት፣ አንድ እጥፋት የለው፣ አንድ የተወጠረ ቦታ የለው። ዚፕ መኪናውን አቁሞ፣ "እንዲህ ነው እንጂ ሰፊ" አለ። እሷም መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለች፣ ፈገግ አለች፣ ተመልሳ ገባች። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ቆየችብኝ። ስትወጣ የራሷን ልብስ ለብሳ፣ ቀሚሱን ገልብጣ በውስጡ በኩል ይዛው ነው። የሰፊ ልጅ አይደለች፤ ልብስ ሲሰጧት ውስጡን ታያለች። የጎኑን ስፌት በጣቶቿ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

"ትርፉ የታለ?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ትርፉ አባዬ። የሚለቀቀው።"

ይህንን ለማያውቅ ልናገር። እኛ ልብስ ስንሰፋ በጎንና በጎኑ ሁለት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈን እንተዋለን። ሰው ይወፍራል፣ ይወልዳል፣ ይደላዋል፤ ያኔ ስፌቱ ይፈታና ልብሱ ይሰፋል። ለማንም የምንተወው ነው፣ አስበንበት አይደለም፣ እጃችን ለምዶት ነው። አባቴም እንዲህ ይሰፋ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ትርፍ ሳልተው የቆረጥኩት ልብስ የለም።

ቀሚሱን ከእጇ ወሰድኩ። ስፌቱ ከጠርዙ ጋር ተያይዞ ነው የሄደው። በግራም በቀኝም፣ አንዲት ክር የምታህል ትርፍ አልተውኩም።

"ጨርቁ አጥሮኝ ነው" አልኩ።

ልጄ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ቁራጭ ተመለከተች። ውሃ ሰማያዊው ጨርቅ፣ ሌላ ቀሚስ የሚወጣው፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዚፕም አየው። በሥራ ዘመናችን ያን ጊዜ ብቻ ነው አፉን ዘግቶ ያየሁት።

"በከዘራ ለሚሄዱት ለጡረተኛው ፕሮፌሰር" አለች ልጄ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "ለእሳቸው እንኳ ሁለት ጣት ትተህላቸዋል። ሳልታመም ጋዋናቸውን እኔ ነኝ የዘመዘምኩት፣ አይቻለሁ። ዘጠና ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ ይወፍራሉ ብለህ ተስፋ አድርገሃል። እኔ የምወፍር አልመሰለህም።"

"እንዲህ ብዬ አላሰብኩም ልጄ። እጄ ነው።"

"እሱ አይደል የባሰው? አንተ ትዋሻለህ አባዬ፣ ሆስፒታል ውስጥ ስትዋሸኝ ነው የከረምከው። እጅህ ግን መዋሸት አያውቅም።"

ምን ይባላል? ዱላ ቢያርፍብኝ ይሻለኝ ነበር። የምወዳት ልጄን፣ ዓይኔን፣ በጨርቅ መቀስ የገደልኳት መሰለኝ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷም የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ቁመቷ ከጠረጴዛው እኩል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የምትቀመጥበት ቦታ ነው።

"ስለ ሁለቱ ሰዎች ጠይቄ ነበር" አለች። "ዲኑ አየሁ ስላሏቸው፣ ኢግሮታት ስለተሰጣቸው። ሬጅስትራር ቤት የምትሠራዋ ሴትዮ ታስታውሳቸዋለች። አንዱ ከምረቃው በፊት ሞተ፣ ዲግሪውን አባቱ ነው የተቀበለው። ሁለተኛዋ ለምረቃው ደርሳ ነበር፣ በዚያው ክረምት ሞተች።"

"የሰው ሁሉ ዕድል አንድ አይደለም።"

"አይደለም። ግን ለምን እንደሚሰጥ ገባኝ። ለሚቀጥለው ፈተና ይደርሳል ተብሎ ለታሰበ ሰው፣ 'ሲሻልህ ናና ተፈተን' ነው የሚባለው። ዲኑ ጥሩ ሰው ናቸው፣ እማዬም አንተም ጥሩ ናችሁ። ሁላችሁም እየሸኛችሁኝ ነው።"

"ብትወስጂው ምን ይጎድልብሻል?" አልኩ።

"ከወሰድኩት ነገ ጠዋት የምነሣበት ጉዳይ አይኖረኝም። ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሾርባ መጠጣት ብቻ። ካልወሰድኩት ግን ፈተና አለብኝ። ፈተና ያለበት ሰው ደግሞ ያጠናል፣ ይፈራል፣ ይናደዳል፣ ሥራ አለው። እሱን ነው የምፈልገው።"

ቀሚሱን ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ስንደርስ ለእናቷ ራሷ ነገረቻት። ሚስቴ ደብተሮቿን ዘግታ ተነሣች። ትዕግሥተኛ ሴት ናት፣ አርባ ሕፃን በአንድ ክፍል የምትይዝ፤ ያን ቀን ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

"የሰጡሽን እምቢ ትያለሽ? ሰው አጥቶ የሚለምነውን?"

"እማዬ..."

"ዝም በይ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፣ እኔ እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ ነው? አንዲት ነገር፣ አንዲት ነገር ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ልይ ብል ምን አለበት? ሳላይልሽ ብትሞችስ?"

ቃሉ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ሚስቴ አፏን በእጇ ያዘች፣ እኔ ወለሉን አየሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ከሳምንት ወዲያ ያለ ነገር አንጠራም ነበር፤ "ክረምት ሲመጣ" አንልም፣ "ስትድኚ" እንኳ ስንል ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ እንዘላለን።

ልጄ ተነሥታ እናቷን አቀፈቻት። ከሁለቱ ደካማዋ እሷ ናት፣ ግን ያቀፈችው እሷ ናት።

"ብሞት ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ" አለቻት። "እውነቴን ነው እማዬ፣ አልዋሽሽም። ወረቀቱ ቢኖርም ያው ባዶ ነው። እሱን እየዋልሽ እያደርሽ ስታዪ ልታብጂ ትፈልጊያለሽ?"

"ያኔ የማብደው እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?" አለች እናቷ ከዕንባዋ ጋር። እንዲህ ባለው ሰዓት እንኳ አፏ አይሰንፍም።

በማግስቱ ሦስታችንም ዲኑ ቢሮ ሄድን። ልጄ አመሰገነቻቸውና አልፈልግም አለች። ዲኑ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"የሚቀጥለው ፈተና ቀላል አይሆንም" አሏት። "ብትወድቂ ይህንን ዕድል መልሰን ልንሰጥሽ አንችልም። ይገባሻል?"

"ይገባኛል።"

"ወላጆችሽስ?"

ሚስቴ የልጄን ሻሽ አስተካከለች። እኔ "ውሳኔው የእሷ ነው" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ብዙ የሚወራለት አይደለም። ልጄ አጠናች። ቤት ውስጥ በረደኝ ስትል ሱቅ እየመጣች፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ አንድ ጫፍ እኔ ጋዋን እቆርጣለሁ፣ በሌላው ጫፍ እሷ ቁጥር ትጽፋለች። አንዳንድ ሳምንት ከአልጋ አትነሣም ነበር፤ ትኩሳት ይመጣል፣ ሆስፒታል እንመላለሳለን፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጥርሴን አፋጫለሁ። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ከዚፕ ጋር ሙግት ገጥማ ታስቀዋለች። ፀጉሯ መጀመሪያ እንደ ጨቅላ ፀጉር ለስልሶ፣ ኋላ ጠቆር ብሎ በቀለ። ዶክተሩ አሁንም "እንጠብቅ" ይላል፣ ግን እያለ ፈገግ ማለት ጀመረ። እኔም ሳልወድ በግዴ አመንኩት።

ቀሚሱን ፈታሁት። የቆረጡት አይቀጠልም፣ ስለዚህ ከቀረው ጨርቅ አዲስ ሰፋሁ፤ ሦስት ጣት ትርፍ ተውኩ። ለእሷ አልነገርኳትም፣ ገልብጣ ራሷ አየችው፣ "አሁንስ አበዛኸው፣ በርሜል ልሆን ነው?" ብላ አላገጠችብኝ።

ፈተናው ደረሰ። በነዚያ ቀናት አንድ ጋዋን በቅጡ አልቆረጥኩም። ዚፕ ለአንድ መምህር ሁለት የግራ እጅጌ ሰፋለት። ልጄ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተሻግራ በበሩ ትገባለች፣ ከሰዓት ትወጣለች፣ "እንዴት ነበር?" ስንላት "ጥሩ ነው" ትላለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ደክሟታል፣ ግን አልወደቀችም፣ አልተንገዳገደችም። ሚስቴ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ሻይ ቤቱ ውስጥ እየተቀመጠች ትጠብቃት ነበር።

ውጤት የወጣ ቀን ሦስታችን፣ እኔ፣ ሚስቴና ዚፕ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመናል። ልጄ ከበሩ ወጣች። መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች፣ ተሻገረች፣ ፊታችን ቆመች።

"ወደቅኩ" አለች።

ዚፕ የያዘውን ክር ጣለ።

"ሁሉንም አይደለም። አልጀብራውን ብቻ። ሌላው ጥሩ ነው፣ አንዱን እንዲያውም ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ግን አልጀብራው ካላለፈ ዲግሪ የለም።"

ሚስቴ ግንባሯን ዳሰሰቻት። "አሞሽ ነበር?" አለች በዚያ በለመድነው ድምፅ፣ በሹክሹክታ።

"አይ፣ ደህና ነበርኩ።"

"አዙሮሽ ነበር? ሳትበዪ ነው የገባሽው?"

"በልቻለሁ እማዬ። ምንም አልሆንኩም።"

"እና ታዲያ?" አልኩ እኔ።

ልጄ ጫማዋን አየች። "ወረቀቱን አልገለበጥኩትም" አለች። "ከጀርባው ሁለት ጥያቄ ነበረ፣ ትልልቆቹ። እኔ የፊቱን ጨርሼ አበቃ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዓት ተርፎኝ በመስኮት ርግብ ሳይ ነበር።"

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ጆሮዬ ጋለ።

"ርግብ?" አልኩ።

"ርግብ።"

"አንቺ ልጅ፣ ዓይን የተሰጠሽ ለጌጥ ነው? ወረቀት ሁለት ፊት እንዳለው የአንደኛ ክፍል ልጅ ያውቃል፣ ያውም የአስተማሪ ልጅ። ይህንን ሁሉ ጊዜ ጠረጴዛዬን ይዘሽ፣ ጨርቄን ቀለም ቀብተሽ፣ መጨረሻው ርግብ ነው? ልብስ ገልብጠሽ የሰው ነውር መፈለጉን ታውቂበታለሽ፣ ወረቀት ሲሆን እጅሽ ተሳሰረ? ሰነፍ! ዝርክርክ!"

ሚስቴም ሹክሹክታዋን የት እንደጣለችው እንጃ፣ የክፍል ውስጥ ድምፅዋ መጣባት። "ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ፣ ስንት ጊዜ? ከማስረከብሽ በፊት መልሰሽ እዪ ብዬ አልነበረም? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ?" ዚፕ ደግሞ ማን እንደጠራው ሳይታወቅ፣ "በሰማይ የሚበር ስታይ በእጅሽ ያለውን ጣልሽ" እያለ ከኋላ ያግዘናል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው ወጥቶ ያየናል። የሻይ ቤቷ ባለቤትም ወጣች። እኔ ግን ልቆም አልቻልኩም፤ ለስንት ጊዜ የታፈነ ቁጣ ነው፣ ወርዶ ወርዶ የማያልቅ።

"በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ" አልኳት ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ፣ "በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ርግብ ቆጥረሽ ብትመጪ እዚህ ሱቅ ደጃፍ እንዳላይሽ።"

"አዎ፣ በሚቀጥለው ዓመት አጠገብሽ ቆሜ ነው የማስገለብጥሽ" አለች እናቷ። "ከፈለገ ዲኑ ያስወጣኝ።"

የልጄ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ያኔ ደነገጥኩ፣ ምላሴን ነከስኩ፣ የታመመች ልጅ ላይ እንዲህ ይጮኻል እንዴ ብዬ ራሴን ረገምኩ። ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

"ምነው? ከፋሽ?"

እጇን ከፊቷ አነሣች። ዕንባዋ ይወርዳል፣ ግን ትስቃለች፣ ትንፋሽ አጥሯት ትስቃለች።

"ምን አልክ?" አለችኝ።

"ምን አልኩ?"

"አሁን ያልከውን። እማዬም ደገመችው።"

ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ሚስቴ ዓይኗ ፈጥጦ ቆማለች፣ ቀድሟት ገብቷት። ያኔ ለእኔም ገባኝ። ከሁለታችንም አፍ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ ማንም አላሰበውም፣ ማንም አልተጠነቀቀም።

"የሚቀጥለው ዓመት ነው ያልኩት" አልኳት። ድምፄ ሊሰበርብኝ ሆነ፣ ቶሎ ብዬ ቁጣዬ ላይ መለስኩት። "አዎ፣ የሚቀጥለው ዓመት። ምን ትገለፍጫለሽ? ሂጂ መጽሐፍሽን አምጪ።"